ሃያ አምስተኛው እርምጃ

ዋይክ አን ዜ የምትባለው የኔዘርላንድስ የባሕር ዳርቻ መንደር በየዓመቱ ጥር ሲገባ በቼዝ ሰዎች ትሞላለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ውድድሩ በሦስት ምድብ ተከፍሎ ነበር፤ ስማቸው የገነነው በላይኛው፣ ገና ስም ያላወጡት በታችኛው። በታችኛው ምድብ ከተሰለፉት አንዱ ማግነስ ካርልሰን የሚባል የ13 ዓመት ኖርዌያዊ ልጅ ነው። ከ13 ጨዋታ 10 ነጥብ ተኩል ሰብስቦ ምድቡን አሸነፈ፤ ለግራንድ ማስተርነት ከሚያስፈልጉት ሦስት መመዘኛዎችም የመጀመሪያውን እዚያው አገኘ። ዛሬ ግን ነጥቡን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የሚታወሰው ሲፕኬ ኧርንስት የተባለውን የአገሬውን ተጫዋች ያሸነፈበት አንድ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው 29 እርምጃ ብቻ ፈጀ። ኧርንስት በጥቁር ጠጠሮች ካሮ ካን የሚባለውን መክፈቻ መረጠ፤ ጥንቃቄ የሚያበዙ ሰዎች የሚወዱት፣ ለአጥቂ ቶሎ በር የማይከፍት መክፈቻ ነው። ካርልሰን በቀኝ ዳር ያለውን ወታደር እስከ ኤች5 ገፋው፣ ንጉሡን በግራ በኩል አስጠለለ። ኧርንስት ንጉሡን በቀኝ አስቀመጠ። ንጉሦቹ እንዲህ በተለያየ ወገን ሲቀመጡ ጨዋታው የፍጥነት ይሆናል፤ ቀድሞ የደረሰ ይበላል። በ18ኛው እርምጃ ነጩ ፈረስ ጂ6 ላይ ዘሎ ቆመ፤ ወታደር በቀላሉ በሚበላው ቤት። ኧርንስት በላው። ንግሥቲቱ ኢ6 ላይ ያለውን ወታደር ወስዳ ቼክ አለች። ከሁለት እርምጃ በኋላ ጳጳሱ ኤች6 ላይ ራሱን ሰጠ፤ በሚቀጥለው እርምጃ ደግሞ ግንቡ እዚያው ቤት ላይ ተከተለው። ፈረስ፣ ጳጳስ፣ ግንብ፤ ሁሉም በአምስት እርምጃ ውስጥ ተሰጡ። ይህን ለመውደድ የቼዝ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ለዚህም ነው ጨዋታው በየመጽሐፉና በየቪዲዮው እስከ ዛሬ የሚዞረው።

እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ባለው ሁኔታ ላይ ነው። ከ24ኛው እርምጃ በኋላ ገበታው ላይ የቀረውን ብንቆጥር ካርልሰን የሰጠውን ከፊሉን መልሶ ወስዷል። ነጭ 7 ወታደሮች አሉት፣ ጥቁር 3፤ ጥቁር ግን አንድ ሙሉ ግንብ ይበልጣል። የጥቁር ንጉሥ መጠለያው ፈርሶ ጂ7 ላይ ብቻውን ቆሟል። ነጯ ንግሥት ቼክ የምትልባቸው ቤቶች ሞልተዋል፤ ጥቃት የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ደጋግሞ ቼክ ይላል፣ ንጉሡም ከቤት ወደ ቤት እየሸሸ ያመልጠዋል። ካርልሰን አንድም ቼክ ሳይል እስከዚያች ሰዓት ከዲ1 ያልተነሳውን ግንብ ሁለት ቤት ወደፊት አራመደው። ማስፈራሪያው ግልጽ ነው፤ ግንቡ በሚቀጥለው እርምጃ ወደ ጂ መስመር ይዞራል። ያልተገለጠው ሌላ ነው። ግንቡ ከመጨረሻው ረድፍ ሲነሳ የካርልሰን ንጉሥ ራሱ ይጋለጣል፤ የጥቁር ንግሥት ኢ1 ላይ ወርዳ ቼክ ልትል ትችላለች። ነገር ግን ኢ7 ላይ የቆመችው ነጭ ንግሥት ፊቷ ያለውን ንጉሥ እያሳደደች ከኋላዋ ያለውን መስመር እስከ ኢ1 ድረስ ትጠብቃለች። አንዲት ጠጠር ሁለት ሥራ ይዛለች። በ29ኛው እርምጃ ንግሥቲቱ ዲ7 ላይ ጨዋታውን ስትዘጋ ንጉሡ በጂ መስመር እንዳያመልጥ በሩን የዘጋው ያው ግንብ ነው።

ክርክሬ ከዚህች እርምጃ ይነሳል። ድንቅ ልጅ በተገኘ ቁጥር ሰው የሚያየው መስዋዕቱን ነው። ልጁ ወዴት እንደሚደርስ የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ጭብጨባ የማያገኘው እርምጃ ነው፤ ሥራ ፈት ጠጠር ፈልጎ ሥራ የሚሰጠው። የቼኮዝሎቫኪያ ተወላጁ አሜሪካዊ ግራንድ ማስተር ሉቦሚር ካቫሌክ ከዚያ ውድድር በኋላ በዋሽንግተን ፖስት ዓምዱ ልጁን የቼዝ ሞዛርት ብሎ ጠራው። ስሙ ተጣበቀ። ስሙ ያማረ ነው፣ ግን አንባቢን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መራ፤ ከሰማይ የወረደ ብልጭታ እንጂ የተሠራ ሥራ እንዳይታይ አደረገ።

ሥራ ደግሞ ነበረበት፣ ያውም ብዙ። ካርልሰን በ1990 ኅዳር መጨረሻ በቶንስበርግ ተወለደ። አባቱ ሄንሪክ ቼዝ የሚወድ ሰው ነበር፤ በአምስት ዓመቱ ሊያስተምረው ሞክሮ ልጁ ብዙም ሳይማረክበት ቀርቷል። ወደ ገበታው የመለሰው ታላቅ እኅቱን የማሸነፍ ፍላጎት ነው ይባላል፤ ከወንድምና ከእኅት ጋር ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። የመጀመሪያ ውድድሩን ሲጫወት ስምንት ዓመቱ ነበር። ቀድመው እጁ ከገቡት መጻሕፍት አንዱ ዴንማርካዊው ቤንት ላርሰን ስለ ዕቅድ አወጣጥ የጻፈው ነው፤ ስለ መክፈቻ የመጀመሪያ መጽሐፉ ደግሞ ኤድዋርድ ጉፌልድ ስለ ድራጎን የጻፈው። ድራጎን ከሲሲሊያን መክፈቻዎች ሁሉ ደም የሚበዛበት ነው። አንዱ መጽሐፍ ትዕግሥት፣ ሌላው እሳት። ከ2000 መጸው እስከ 2002 መጨረሻ ባለው ጊዜ ልጁ ወደ 300 የሚጠጉ የውድድር ጨዋታዎች ተጫወተ። ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ ከሁለት ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው።

አሠልጣኙ ሲመን አግዴስታይን ነበር፤ የኖርዌይ የመጀመሪያው ግራንድ ማስተር፣ በተጨማሪም ለብሔራዊ ቡድኑ የተሰለፈ እግር ኳስ ተጫዋች። ኖርዌይ እንደ ሶቪየት ኅብረት የቼዝ ትምህርት ቤት ባህል የላትም፤ ልጁን በሥርዓተ ትምህርት የሚያስር አልነበረም። የሚወደውን እንዲያነብ፣ ደጋግሞ እንዲጫወት ተተወ። በ2003 ከትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በአውሮፓ ውድድሮች ዞረ። የዋይክ አን ዜው ጨዋታ የዚያ ዓመት ፍሬ ነው።

ከኧርንስት በኋላ አንድ ወር ሳይቆይ ሞስኮ ላይ በኤሮፍሎት ውድድር ሰርጌ ዶልማቶቭ ገጠመው። ዶልማቶቭ ተራ ሰው አይደለም፤ በ1978 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን የነበረ፣ የሶቪየት ትምህርት ቤት ያሳደገው ግራንድ ማስተር ነው። ልጁ በ19 እርምጃ አሰናበተው። ይህን ጨዋታ ከኧርንስቱ አስበልጬ የምወደው አጀማመሩ ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ ካርልሰን በሁለተኛው እርምጃ ዲ3 ብሎ ወታደሩን አንድ ቤት ብቻ ገፋው፤ የሚፈራ ሰው ይመስላል። ዶልማቶቭ መሃሉን ከፍቶ ሄደ፣ ንጉሡን ለማስጠለል ግን ጊዜ አላገኘም። ካርልሰን በ12ኛው እርምጃ ንጉሡን አስጠለለ፣ በ13ኛው የቀረውን ግንብ ወደ ኢ መስመር አመጣ። አሁን ሥራ የፈታ ጠጠር የለውም። በ14ኛው ያ ግንብ ጳጳሱን በልቶ ራሱን ለንግሥቲቱ ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ የጥቁር ፈረስ ከበስተጀርባው ንግሥቱና ንጉሡ ተደርድረውበት መንቀሳቀስ አቃተው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ሁሉም ጠጠር ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው መስዋዕቱ የመጣው። ችኩል ልጅ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሰጥ ነበር።

ልጆች ለምን ያጠቃሉ? የተለመደው መልስ ድፍረት ነው፤ ልጅ መሸነፍን አይፈራም ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ሲሸነፉ ከጠረጴዛ ስር ገብተው የሚያለቅሱ ልጆችን ያየ ሰው አይቀበለውም። ይልቅ ስሌት ከፍርድ ቀድሞ ይበስላል። እሱ ይህን ካደረገ እኔ ይህን፣ እሱ ያንን ካለ እኔ ያንን የሚለው ሰንሰለት በአሥርና በአሥራ ሁለት ዓመት አእምሮ ውስጥ በሚያስደንቅ ፍጥነት ሊሮጥ ይችላል። አንድ ደካማ ወታደር ከ30 እርምጃ በኋላ ጨዋታ እንደሚያሳጣ ማወቅ ግን በስሌት አይገኝም፤ ደጋግሞ በመጎዳት ነው የሚገኘው። ጥቃት አጭር ነው፣ መጨረሻው ይታያል፣ በስሌት ይዳኛል። ስለዚህ ልጁ ወደሚችልበት ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ፤ ባላጋራው ትልቅ ሰው ነው። ከልጅ ጋር አቻ መውጣት ያሳፍረዋል፣ ለማሸነፍ ሲል ቦታውን ይከፍታል፣ አደጋ ይጋብዛል። ከእኩዮቹ ጋር ቢሆን የማይሞክረውን ይሞክራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የመራጩ እጅ አለበት። የቼዝ ዓምድ የሚጽፍ ሰው ቦታው ጠባብ ነው፤ የ29 እርምጃ ድንቅ እንጂ የ70 እርምጃ ትግል አያትምም። እኛም እንደዚያው ነን። በአገራችን በሰንጠረዥ ጨዋታ ዘመን እንኳ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ንጉሥን በግንብ ወይም በፈረስ መያዝ ርካሽ ተደርጎ ይታይ፣ በትንንሾቹ ጠጠሮች መያዝ ይከበር፣ ወታደሮችን አስተባብሮ መያዝ ይወደስ ነበር። የድል አኳኋን ሲመዘን ኖሯል። ችግሩ ያማረው ድል የልጁ ጠቅላላ ምስል ሲሆን ነው። ቦቢ ፊሸር በ1956 ጥቅምት ኒው ዮርክ ላይ በ13 ዓመቱ ዶናልድ በርንን ያሸነፈበትን ጨዋታ የቼዝ ጸሐፊው ሃንስ ክሞክ የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ አለው፤ ንግሥቱን የሰጠበት ነው። በዚያው ውድድር ፊሸር ከ11 ጨዋታ ያገኘው 4 ነጥብ ተኩል ነበር። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር የሚጠቅስ ብዙም አይገኝም።

ሁሉም ድንቅ ልጅ አጥቂ ነው ማለትም አይደለም። ኩባዊው ካፓብላንካ በ1901 ገና 13 ሊሞላው ሲል የአገሩን ሻምፒዮን ሁዋን ኮርሶን ሲያሸንፍ ጥንካሬው ጠጠሮች ተመናምነው ገበታው ሲሳሳ ነበር የሚታየው።

ወደ 2004 እንመለስ፤ ያ መጋቢት ለክርክሬ የበለጠ ይጠቅመኛልና። ሬይክያቪክ ላይ ካርልሰን የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን አናቶሊ ካርፖቭን በብሊትዝ አሸነፈ። ከዚያ በፈጣን ጨዋታ ጋሪ ካስፓሮቭ ደረሰው። ልጁ ነጭ ነበር። ሁሉም እሳት ጠበቀ፤ የመጣው የንግሥት ጋምቢት ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ቀስ እያለ የሚጨምቅ። ካስፓሮቭ ተጨነቀ፤ ፊቱንና እጁን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በ52ኛው እርምጃ አቻ ተለያዩ፤ የተሻለ ቦታ ይዞ የነበረውም ልጁ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ካስፓሮቭ አሸነፈ። የኧርንስቱን ጨዋታ በደስታ ያሰራጩ ሰዎች ስለዚህ ቀን ሲያወሩ የካስፓሮቭን ንዴትና ልጁ በመሃል ተነስቶ መንጎራደዱን ያወራሉ። የዓለም አንደኛ ተጫዋች ፊት ተቀምጦ በጸጥታ ብልጫ መያዝ ከመስዋዕት ይልቅ የሚከብድ መሆኑ ግን ወሬ አይሆንም። በሚያዝያ ዱባይ ላይ ሦስተኛውን መመዘኛ አሟላ፤ በ13 ዓመት ከ4 ወሩ ግራንድ ማስተር ሆነ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በዚያችው በዋይክ አን ዜ መንደር፣ በ2007 ነው። አሁን በላይኛው ምድብ ተሰልፏል፤ 16 ዓመቱ ነው። 13 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አላሸነፈም፤ ዘጠኝ አቻ፣ አራት ሽንፈት፣ ከሰንጠረዡ ግርጌ። ሞዛርት ምን ሆነ? ምንም አልሆነም፤ ባላጋራዎቹ ተለወጡ። በላይኛው ምድብ ያሉ ሰዎች ለልጅ ብለው ቦታ አይከፍቱም፣ ንጉሣቸውን መሃል አያስቀሩም፣ መስዋዕት ሲቀርብላቸው ይበሉና በቀዝቃዛ ጭንቅላት ይከላከላሉ። ጥቃት የባላጋራ ስህተት ይፈልጋል፤ ስህተት በራሱ ካልመጣ ደግሞ ማምጣት ያስፈልጋል። ካርልሰን ያደገው ይህን ሲማር ነው ብዬ አምናለሁ። በዓመቱ እዚያው ተመልሶ ከሌቮን አሮንያን ጋር አንደኝነትን ተጋራ። በ2010 መጀመሪያ፣ በ19 ዓመቱ፣ የዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ራስ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ካርልሰን ኧርንስትን ያሸነፈውን ልጅ አይመስልም። በ2013 ቼናይ ላይ ቪስዋናታን አናንድን 6 ተኩል ለ3 ተኩል አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ግጥሚያውን የቀየሩት አምስተኛውና ስድስተኛው ጨዋታ ናቸው፤ አንዱ 58፣ ሌላው 67 እርምጃ። በሁለቱም ንግሥቶች ከገበታ ወርደዋል፣ ሌላ ሰው አቻ ብሎ እጁን በሚዘረጋበት ቦታ እሱ ይቀጥላል። አናንድ አንድ እርምጃ ሳተ፣ ከዚያ ሌላ። ተቺዎች አሰልቺ አሉት። እኔ ግን እዚያ ውስጥ ያው ግንብ ይታየኛል፤ ሥራ የፈታች ጠጠር ካለች ጨዋታው አላለቀም የሚል ሰው ነው የሚጫወተው። በ13 ዓመቱ ያንን እምነት ለጥቃት ተጠቀመበት፣ በ22 ዓመቱ ለማድከም።

ጥቃቱም ቢሆን አልጠፋም፤ ተቀምጦ ነበር። በ2016 ኒው ዮርክ ላይ ከሰርጌ ካርያኪን ጋር ያደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ በአቻ ተጎትቶ ወደ ፈጣን ጨዋታ ሄደ። ካርያኪን በልጅነት ተቀናቃኙ ነው፤ ግራንድ ማስተር የሆነው ከካርልሰንም ባነሰ ዕድሜ፣ በ12 ዓመት ከ7 ወሩ ነበር። ኅዳር 30፣ ካርልሰን 26 ዓመት በሞላበት ቀን፣ በመጨረሻው ጨዋታ 50ኛ እርምጃ ላይ ንግሥቱን ኤች6 ላይ አስቀመጠ። ንጉሡ ቢበላት አንዱ ግንብ ይዘጋዋል፤ ወታደሩ ቢበላት ሌላው ግንብ። ልብ በሉ፣ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ጨዋታው የትዕግሥት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አልፋዜሮ የተባለው የዲፕማይንድ ፕሮግራም ጨዋታዎች ከታተሙ ወዲህ፣ ካርልሰን የዳር ወታደሮችን ወደፊት መግፋትና ለተነሳሽነት ሲል ጠጠር መስጠት አበዛ፤ ከፕሮግራሙ መማሩንም ራሱ በይፋ ተናግሯል። የኤች ወታደሩ ኤች5 ድረስ ሲሄድ ያዩ የቀድሞ ተመልካቾች ልጁ ተመለሰ አሉ። አልተመለሰም። ያን ጊዜ ያጠቃ የነበረው መከላከል የማያውቁትን ነው፤ አሁን ጥሩ አድርገው የሚከላከሉትን ነው፣ ቢከሽፍበትም ወደ ረጅሙ ትግል የሚመለስበት ቤት ሠርቷል። በ2021 ዱባይ ላይ ኢያን ኔፖምኒያሽቺን የሰበረበት ስድስተኛ ጨዋታ 136 እርምጃ ፈጅቷል፤ በሻምፒዮና ግጥሚያ ታሪክ ከዚያ የረዘመ የለም። ኔፖምኒያሽቺ በ2002 ሄራክሊዮን ላይ ከ12 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ከካርልሰን ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በሌላ መለያ የወሰደበት ልጅ ነው።

ዛሬ የዓለም ዓይን አርጀንቲናዊው ፋውስቲኖ ኦሮ ላይ ነው። በ2013 የተወለደ፣ በ2024 በ10 ዓመት ከ8 ወሩ ኢንተርናሽናል ማስተር የሆነ፣ በዚያን ጊዜ ይህን ማዕረግ ካገኙት ሁሉ ታናሹ። የቼዝ ሜሲ ይሉታል፤ ሞዛርት ተራውን ለእግር ኳስ ለቋል። በዚያው ዓመት በኢንተርኔት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ በሚሰጥበት ጨዋታ ካርልሰንን ማሸነፉ ዓለምን አዳረሰ። የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ስለ አሥር ዓመት ልጅ የጣት ፍጥነትና የስሌት ፍጥነት ይናገራል፤ ስለ ሌላው ነገር ብዙ አይናገርም። እኔ ከጨዋታዎቹ የምፈልገው ረጅም ሰዓት ተሰጥቶት፣ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ጥቃት በማይኖርበት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ነው።

የትልቁ አክሊል የቅርብ ጊዜ ታሪክም ለዚህ ፍለጋ ምክንያት ይሰጠኛል። ህንዳዊው ጉኬሽ በ12 ዓመት ከ7 ወሩ ግራንድ ማስተር የሆነ ሌላ ድንቅ ልጅ ነው። በ2024 ታኅሣሥ ሲንጋፖር ላይ፣ በ18 ዓመቱ፣ ዲንግ ሊረንን አሸንፎ በታሪክ ከሁሉ ታናሹ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወሳኙ 14ኛ ጨዋታ ንግሥቶች የወረዱበት፣ ሁለቱም አንድ ግንብና አንድ ጳጳስ የቀራቸው፣ ጉኬሽ በአንድ ወታደር ብቻ የሚበልጥበት ነበር፤ ባለሙያዎች አቻ ነው እያሉ ነበር። ልጁ አቻ አላለም፤ ዲንግ በ55ኛው እርምጃ ግንቡን ኤፍ2 ላይ አስቀምጦ ተሳሳተ። በማግስቱ ዓለምን የዞረው ምስል የጉኬሽ እንባ ነበር። ከዚያ በፊት ያሉትን 54 እርምጃዎች ማየት የፈለገ ሰው ጨዋታውን ከመዝገብ አውጥቶ ራሱ ገበታ ላይ መደርደር ነበረበት።